መመሪያ መጽሐፍ የሌላት ሞተር ብስክሌት፦ ትራይተንን ለወራት ነድቼ ያየሁት

ይህን ግምገማ የሚያነብ ሰው አስቀድሞ አንድ ነገር ይወቅ፤ ወድጃታለሁና ልግዛ ቢል ሁለተኛ አያገኝላትም። ሻሲዋ ኖርተን የተባለው የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት ፋብሪካ ነው፤ ሞተሯ የሌላው የእንግሊዝ ፋብሪካ፣ የትራያምፍ። ሁለቱን የሚያያይዙት የአሉሚኒየም ሳህኖች ደግሞ አንድ የለንደን ብረት ሠራተኛ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በእጃቸው ቆርጠው የሞረዷቸው ናቸው። እንግሊዞች እንዲህ ያለችውን ድቅል ትራይተን ይሏታል። ትራይተኖች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን በግለሰቦች ጓሮና በትንንሽ ጋራዦች ስለተሠሩ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያቆሟቸው አንድ ሆነው አይገኙም። የእኔን ከመጋቢት ጀምሮ በለንደን ውስጥና በኬንት ገጠር መንገዶች ስነዳት ቆይቻለሁ። ዝናቡንም ሙቀቱንም አብረን አይተናል። አሁን ስለ እርሷ በልበ ሙሉነት መናገር እችላለሁ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን ያላወቀ ሰው ጥገናውም አይገባውም፤ ስለዚህ ከዚያ ልጀምር። ፌዘርቤድ የተባለውን የኖርተን ሻሲ ያበጀው የቤልፋስቱ ሬክስ ማካንድለስ ነው። ሁለት ረጃጅም የብረት ቧንቧዎች ከመሪው አንገት ተነሥተው ሞተሩን ከላይና ከታች አቅፈው ተመልሰው እዚያው አንገት ላይ ይገጥማሉ። ጄፍ ዱክ በ1950 በማን ደሴት የሲኒየር ቲቲ ውድድርን ያሸነፈው በዚህ ሻሲ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ በኋላ ዶሚኔተር በተባሉት የኖርተን የመንገድ ሞዴሎች አማካይነት ሻሲው ለተራው ገዢም ደረሰ። ኩርባ ላይ የሚስተካከለው አልነበረም።

በሌላ በኩል ትራያምፍ ኤድዋርድ ተርነር በ1937 ካወጣው ስፒድ ትዊን ጀምሮ ያሳደገው ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ነበረው። በ1950 ተንደርበርድ ተብሎ 649 ሲሲ ሆነ፤ በ1959 ደግሞ ባለ ሁለት ካርቡራተሩ ቦነቪል 46 የፈረስ ጉልበት ይዞ መጣ። ሞተሩ ቀላል ነው፤ መለዋወጫው በየሱቁ ይገኝ ነበር፤ ጉልበቱን መጨመርም ብዙ ወጪ አይጠይቅም ነበር። የትራያምፍ ሻሲ ግን በፍጥነት ሲነዳ ይወዛወዛል ተብሎ ይታማ ነበር። የአንዱን ጥንካሬ ከሌላው ጋር ማጋባት በዚያ ዘመን ለነበረ ወጣት መካኒክ ግልጽ የሆነ ነገር ነበር።

በዚህ ላይ አንድ አጋጣሚ ታከለበት። ባለ 500 ሲሲ ትንንሽ የውድድር መኪናዎች የሚሠሩ ሰዎች ማንክስ የተባለውን የኖርተን የውድድር ሞተር ብስክሌት ሞተር ይፈልጉ ነበር፤ ፋብሪካው ግን ሞተሩን ለብቻው አይሸጥላቸውም። ስለዚህ ሙሉውን ሞተር ብስክሌት ገዝተው ሞተሩን አውጥተው ይወስዱና ምርጡን ሻሲ ባዶውን ይተዉታል። ያ የተተወ ሻሲ የትራያምፍ ሞተር ማረፊያ ሆነ። በሰሜን ለንደን ቀለበት መንገድ ላይ የነበረው ኤስ ካፌ እንዲህ ያሉ ሞተር ብስክሌቶች መናኸሪያ ነበር፤ በ1938 ተከፍቶ፣ በጦርነቱ በቦምብ ፈርሶ፣ በ1949 እንደገና ተሠርቶ፣ በ1969 ተዘግቶ፣ በ2001 ዳግም ተከፍቷል። ጋዜጦች እዚያ የሚሰበሰቡትን ቆዳ ጃኬት ለባሽ ነጂዎች እንደ ወሮበላ ሲቆጥሯቸው ቢል ሸርጎልድ የሚባሉ የአንግሊካን ቄስ ካፌው ድረስ ሄደው ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ክበብ ጋበዟቸው። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ድቅሏ የሠፈር ጨዋታ ብቻ እንዳልነበረች ደግሞ ዴቭ ዴገንስ አሳይቷል፤ በ1965 በባርሴሎና ሞንጁዊክ የ24 ሰዓት ውድድርን በራሱ ጋራዥ በሠራት ትራይተን ከጓደኛው ጋር እየተፈራረቀ ነድቶ አሸነፈ።

የእኔን የሸጡልኝ አዛውንት ሁለተኛዋ ባለቤት ናቸው፤ ከሠሪው በቀጥታ ገዝተዋታል። ከእርሷ ጋር የሰጡኝ በዘይት የወዛ ማስታወሻ ደብተር ነው፤ ሠሪው ጀምረውት እርሳቸው የቀጠሉት። እኔ አሁን ከሞተሩ ይልቅ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ደብተር ነው፤ ምክንያቱም ለዚህች ሞተር ብስክሌት የትራያምፍም ሆነ የኖርተን መመሪያ መጽሐፍ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚያደርሰው። የቫልቩን ክፍተት ከትራያምፉ መጽሐፍ አገኛለሁ፤ የኋላ ፍሬን ዘንግ ከየትኛው ሞተር ብስክሌት ተቆርጦ እንደተበየደ ግን ደብተሩ ብቻ ነው የሚነግረኝ። አንዱ ገጽ ላይ የግራው ካርቡራተር ጄት (ነዳጁ የሚያልፍበት ትንሽ ቀዳዳ ያለው ክፍል) ከቀኙ በአንድ ቁጥር ከፍ እንዲል ተወስኗል፤ ከጎኑም ምክንያቱ በእርሳስ ተጽፏል፦ ረጅም መንገድ ከተነዳ በኋላ የግራው ካንዴላ ነጭ ሆኖ ተገኝቷል። ነጭ ካንዴላ ነዳጅ ያነሰው ሲሊንደር ምልክት ነው። ይህን ሳላውቅ ሁለቱን ጄቶች አመሳስዬ ብገጥም ኖሮ የግራውን ፒስተን ለአደጋ አጋልጠው ነበር። እንዲህ ያለ ሞተር ብስክሌት ሊገዛ የሚሄድ ሰው ከቀለሙና ከክሮሙ በፊት ይህን ይጠይቅ፤ ማን ሠራት? ምን ተቀየረ? የት ተጻፈ?

ቁጥሮቹንም ይመልከት። የሞተር ቁጥሩ በግራ በኩል ከሲሊንደሩ ሥር ተመትቷል፤ የሻሲ ቁጥሩ ደግሞ ሻሲው ላይ ይፈለጋል። ሁለቱም ከተሽከርካሪው ሊብሬ ጋር መግጠም አለባቸው። በ1946 የተመሠረተው የጥንት ሞተር ብስክሌቶች ማኅበር የድሮ የፋብሪካ መዝገቦችን ስለያዘ ሞተሩ መቼ ከፋብሪካ እንደወጣ ከእርሱ ማረጋገጥ ይቻላል። የእኔ ሁለቱም ገጥመዋል።

ወደ ዕለት ተዕለቱ ልምጣ። ከጋራዥ ሳወጣት የመጀመሪያ ሥራዬ ዘይት ማየት ነው። በዚህ ሞተር ዘይቱ የሚቀመጠው ከመቀመጫው ሥር ባለ የተለየ ጋን ነው። ፖምፓው ሁለት ዘንጎች አሉት፤ ቀጭኑ ዘይቱን ወደ ሞተሩ ይገፋል፣ ወፍራሙ ከሥር የወረደውን ስቦ ወደ ጋኑ ይመልሳል። ሳትነዳ ከሰነበተች ዘይቱ በፖምፓው ትንሽ የብረት ኳስ ሥር እየሾለከ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል፤ የዚያ ዘመን ሞተሮች የጋራ ጠባይ ነው። ጋኑን ከፍቶ ዘይት ጎደለ ብሎ የሚጨምር ሰው ትርፉን መሬት ላይ ያገኘዋል። እኔ ብዙ ከቆመች የታችኛውን ቡሎን ፈትቼ የወረደውን በንጹሕ ዕቃ እቀበላለሁ። ከዚያ አስነሥቼ የጋኑን ክዳን ከፍቼ ከመመለሻው ቧንቧ የሚወጣውን እመለከታለሁ። መጀመሪያ ሳይቆራረጥ ይፈስሳል፤ ከሥር ያለው ሲያልቅ አየር እየቀላቀለ ቱፍ ቱፍ ማለት ይጀምራል። ያን ጊዜ ፖምፓው ከሚያስገባው በላይ መመለስ እየቻለ መሆኑን አውቃለሁ። ዘይት ሲመለስ ካላየሁ ሞተሩን እዚያው አጠፋለሁ።

አነሣሷም የራሱ ወግ አለው። የካርቡራተሮቹን ትንንሽ ቁልፎች ነዳጁ ጣቴን እስኪያርስ እጫናለሁ፤ ፍሪሲዮኑን ጨብጬ የተጣበቁትን ሳህኖች ለማላቀቅ መርገጫውን አንድ ጊዜ ቀስ ብዬ አወርዳለሁ፤ ከዚያ በሙሉ ክብደቴ እረግጣለሁ። ሁሉ ነገር በልኩ ሲሆን በቀላሉ ትነሣለች። የኤሌክትሪክ ማስነሻ የላትም፤ እንዲኖራትም አልፈልግም።

የቫልቭ ክፍተት ለመግቢያው 0.05 ሚሊ ሜትር፣ ለመውጫው 0.10 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይለካል። ማስተካከያዋ ቡሎን በአንድ ኢንች 26 ጥርስ ስላላት አንድ ሙሉ ዙር ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ይጠጋል። እንግዲህ 0.05 የዙሩ አንድ ሃያኛ ነው፤ ዳዶውን ሳጠብቀው እንኳ ልኩ ሊሳት ይችላል። ስለዚህ አጥብቄ ደግሜ እለካለሁ። ለዚህ ሥራ የሚሊ ሜትር ቁልፍ አይረዳም። የድሮዎቹ የእንግሊዝ ቁልፎች የሚሰየሙት በቡሎኑ ውፍረት እንጂ በራሱ ስፋት አይደለም፤ በማይገጥም ቁልፍ የተላጠ ቡሎን ያየሁባት ሞተር ብስክሌት ማን እንደነካካት ወዲያው ይገባኛል። ዊትዎርዝ የሚባሉትን እነዚህን የድሮ የእንግሊዝ ቁልፎች ሙሉ ስብስብ መግዛት ከመጀመሪያዎቹ ወጪዎች መሆን አለበት።

ነዳጅ በተመለከተ ከመስከረም 2021 ጀምሮ በብሪታንያ መደበኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት። ኤታኖል የድሮ ጎማ ቱቦዎችን ያበላሻል፤ ውሃም ይስባል። እኔ ባለ 97 ኦክቴኑን፣ ኤታኖሉ ከ5 በመቶ የማይበልጠውን እቀዳለሁ፤ ቱቦዎቹንም ቀይሬያለሁ። የእኔ የነዳጅ ታንክ አሉሚኒየም መሆኑ ጠቀመኝ፤ የፋይበርግላስ ታንክ ያላቸው ግን ከውስጥ እየሟሟ ካርቡራተር የሚደፍን ሙጫ ሊያመጣባቸው ይችላል።

መንገድ ላይ እንዴት ናት? ኩርባ ላይ ደስታዋ ልዩ ነው። ዝቅ ያለው መሪ ደረትን ወደ ታንኩ ያስጠጋል፤ መግቢያውን መርጬ ካጋደልኳት የያዘችውን መሥመር አትለቅም፤ መንገዱ ሻካራ ቢሆንም አትደነግጥም። ሬክስ ማካንድለስ ምን እንደሠራ ያኔ ይገባል። ከ90 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሞተሯ ያለ ጭንቀት ይሄዳል፤ ከዚያ ሲያልፍ ንዝረቱ ይመጣል። ሁለቱ ፒስተኖች አብረው ወጥተው አብረው ስለሚወርዱ ንዝረቱ የተፈጥሮው ነው። እጅ ያደነዝዛል፤ ቡሎን ያላላል። ስለዚህ ከረጅም ጉዞ በኋላ የሞተር መያዣ ሳህኖቹን ቡሎኖች አንድ በአንድ እነካለሁ፤ የማርሚታውን ማሰሪያም እንዲሁ፤ በየብየዳው ዙሪያ ስንጥቅ እንዳለ በባትሪ መብራት እመለከታለሁ። ማርሹ በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬኑ በግራ መሆኑን ለመልመድ ጊዜ ይጠይቃል። ፊት ያለው ባለ 8 ኢንች ከበሮ ፍሬን ግን ለዛሬው ትራፊክ አይበቃም፤ ይህን ሳላለሳልስ እናገራለሁ። ከፊቴ ካለው መኪና ሁልጊዜ ሰፊ ርቀት እጠብቃለሁ፤ ዝናብ ሲሆን እጥፍ።

ያስመረረኝ ማግኔቶው፣ ማለትም ለካንዴላዎቹ የእሳት ብልጭታ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ክፍል ነው። ሐምሌ ላይ ቀዝቃዛ ሳለች ያለችግር እየተነሣች ሞቃ ስትቆም እንቢ ማለት ጀመረች። ይህ ምልክት የታወቀ ነው፤ የሽቦው ጥቅል ልባጥ በእርጅና ሲበላሽ ሙቀት ያዳክመዋል። ከወረቀቶቿ መካከል ግን ጥቅሉ በቅርብ ዓመታት በአዲስ መተካቱን የሚገልጽ የአንድ ጥገና ቤት ደረሰኝ ነበር። ባለሙያ ሲከፍተው በውስጡ የተገኘው የድሮው ጥቅል ራሱ ነው፤ ላዩ ብቻ ተወልውሎ ቀለም ተቀብቷል። ገንዘብ ተቀብሎ ያልሠሩትን ሠርተናል ማለት በየትም አገር ነውር ነው፤ በሚጋለብ ነገር ላይ ሲሆን ደግሞ ሕይወትንም ለአደጋ ያጋልጣል። ጥቅሉና ኮንደንሰሩ በአዲስ ከተተኩ ወዲህ ሞቃም ቀዝቅዛም ትነሣለች። አዲሱን ደረሰኝ ብቻ ሳይሆን የተከፈተውን ማግኔቶ ፎቶም ደብተሩ ውስጥ አስቀምጫለሁ።

ሕጉ ይረዳል። በብሪታንያ ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ያለፈ ተሽከርካሪዎች ከዓመታዊ ግብር ነጻ መሆን ይችላሉ፤ ባለፉት 30 ዓመታት መሠረታዊ ለውጥ ካልተደረገባቸውም ዓመታዊ ምርመራ አይገደዱም። የለንደን የአየር ብክለት ክፍያም አይመለከታቸውም። ምርመራውን ግን በፈቃዴ አስደርጋለሁ፤ ሌላ ዓይን የእኔ ዓይን የለመደውን ያያል።

ትራይተንን ሳሎን ውስጥ አቁሞ ለእንግዳ ማሳየት የሚወዱ ሰዎች አሉ። አልስማማም። የቆመ ሞተር ብስክሌት ጓርኒሲዮኑ ይደርቃል፣ ካርቡራተሩ ይደፈናል፣ ዘይቱ ወደማይገባው ይወርዳል። በተቃራኒው ደግሞ ዲስክ ፍሬን፣ አዲስ ፎርክ፣ ዘመናዊ መብራት እየጨመሩ የሠሪዋን እጅ የሚያጠፉ አሉ። የእኔ መለኪያ አንድ ነው፤ የማደርገው ለውጥ ነገ ተፈትቶ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ለፊት ፍሬኗ የተሻለ ሸራ አስለጥፌያለሁ፤ ከበሮው ግን እንዳለ ነው። ሻሲው ላይ አንድም አዲስ ቀዳዳ አልበሳሁም።

ማን ይግዛት? እጁ ዘይት መንካት የሚወድ፣ ቅዳሜውን ለጋራዥ መስጠት የማይቆጨው፣ ሌላ የዕለት ተሽከርካሪ ያለው ሰው። በየጠዋቱ ወደ ሥራ ሊሄድባት ላሰበ ግን አልመክርም።

ቀጣዩ ሥራ ትልቅ ነው። ይህ ሞተር ከወንፊት በቀር የዘይት ማጣሪያ የለውም፤ ዋናውን ቆሻሻ የሚይዘው በክራንክሻፍቱ ውስጥ ያለ ቱቦ ነው፤ ሲሽከረከር ዝቃጩን ወደ ዳር እየገፋ ያጠራቅማል። ለዚህም ነው ሃያ በሃምሳውን ዘይት በየ1,600 ኪሎ ሜትሩ የምቀይረው። ቱቦው ከሞላ ዘይት ወደ ማገናኛ ዘንጎቹ መድረሱን ያቆማል፤ ሞተሩም ይነክሳል። የሚጸዳው ሞተሩ ከሻሲው ወጥቶ ለሁለት ሲከፈል ብቻ ነው። በደብተሩ መሠረት ለመጨረሻ ጊዜ የጸዳው በ1998 ነው። ኅዳር ሲገባ አወርዳታለሁ፤ ኩሽኔታዎቹንም አብሬ እለካለሁ፤ ጓርኒሲዮኖቹ፣ አዲሱ የቱቦ መክደኛና የማገናኛ ዘንጎቹ ቡሎኖች ተገዝተው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል።