ለእናቴ ለደረሰላት የደሴ የሥነ ምግብ ባለሙያ ምስጋና

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ አነስተኛ ክሊኒክ የሚሠራ አንድ ወጣት የሥነ ምግብ ባለሙያ አለ። ስሙ በአደባባይ እንዲነሳ ስላልፈለገ አልጠቅሰውም፤ ምስጋናዬን ግን በሆዴ ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም። ክብደት ለመቀነስ የሚጨነቅ ወላጅ ወይም ዘመድ ያላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ይህን አንብቡልኝ።

እናቴ የደም ግፊት አለባት፤ ጉልበቷንም ያማታል። ሐኪሟ ክብደት እንድትቀንስ ካዘዛት ወዲህ ቤታችን በመካሪ ተሞላ። አንዱ «ከ10 ሰዓት በኋላ እህል የሚባል እንዳትቀምሺ» ይላታል፤ ሌላዋ «ቁርስ ተዪ» ትላታለች፤ ሌላው ደግሞ የማቅጠኛ ሻይ ይዞ ይመጣል። እሷም ራቷን እየተወች ሌሊቱን ራስ ምታት ሲያሠቃያት ያድር ነበር። ክብደቷ ግን ንቅንቅ አላለም።

ይህ ልጅ አስቀድሞ የጠየቃት የስኳር መድኃኒት ትወስድ እንደሆነ ነው። ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ የስኳር ክኒኖችን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ምግብ ቢዘል ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ከመካሪዎቻችን አንድም ሰው ይህን አንስቶት አያውቅም ነበር።

ቀጥሎ የዘይት ጠርሙስና ብርጭቆ አቀረበና «እናቴ፣ ለሽሮ የሚያደርጉትን ያህል እዚህ ላይ ይጨምሩልኝ» አላት። እንደ ልማዷ ጨመረች። መልሶ በሾርባ ማንኪያ ሲሰፍረው አራት ማንኪያ ሆነ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው፤ አራቱ 480 ገደማ መሆኑ ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን 4 ብቻ ስለሚሰጥ ወጡ ሳይበዛ ካሎሪው ይበዛል። እናቴ ብርጭቆውን እያየች «ሰዓት ብቻውን የሚያከሳ ቢሆንማ በረመዳን ሁላችንም እንከሳ ነበር» አለች። እውነቷን ነው፤ ቀኑን ጾማ ማታ ሳምቡሳውና ጣፋጩ ሲደራረብ ለዒድ ቀሚሷ ይጠብባታል።

እሱ ግን ሰዓት ጠብቆ መብላትን አላጣጣለም፤ ይህንንም በጣም አከበርኩለት። በቻይና ጓንግዡ የተደረገና በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነገረን። ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው 139 ሰዎች ለአንድ ዓመት ካሎሪያቸውን ቀነሱ፤ ሴቶቹ በቀን ከ1200 እስከ 1500፣ ወንዶቹ ከ1500 እስከ 1800። ከእነርሱ አንዱ ቡድን በተጨማሪ ከጧቱ 2 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ ይበላ ነበር። ሰዓት የጠበቁት በአማካይ 8 ኪሎ፣ ሌሎቹ 6.3 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱም በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው የሚያልፍ አልነበረም። በሌላ በኩል ቺካጎ ውስጥ በ90 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ካሎሪ ሳይቆጥሩ ከቀኑ 6 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ብቻ የበሉት ካሎሪ ከቆጠሩት ጋር ተቀራራቢ ክብደት ቀንሰዋል። ምክንያቱም ሰዓቱ ሲያጥር ሳያስቡት የሚበሉት አነሰ። ስለዚህ መቁጠር የሚያስጨንቀው ሰው ሰዓት ቢጠብቅ ይጠቀማል፤ ረኃብ የሚያሠቃየው ደግሞ መጠኑን ይቀንስ።

ለእናቴ የመረጠላት ሁለተኛውን ነው። ራቷ ተመለሰላት፤ ዘይቱ በማንኪያ እየተሰፈረ ይገባል፤ ጎመንና ምስር በዝቶ እንጀራው በመጠኑ አነሰ። ቡናውን አልነካባትም፤ አቦልም ቶናም በረካም እንደ ነበሩ ናቸው፤ ስኳሩ ብቻ ቀነሰ። የወሎን ሰው ቡና የሚከለክል ባለሙያ ምክሩን ማን ይሰማዋል? ዛሬ ቀሚሷን ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳ አስጠብባለች፤ የሰፈራችንን ዳገት ስትወጣም እንደ ድሮው መንገድ ዳር አትቀመጥም። ስትመርቀው «አላህ ዕድሜህን ያርዝመው ልጄ» ብላ ነው፤ እኔም አሜን እላለሁ።

አንዳች ዱቄትም ሻይም አልሸጠልንም፤ የከፈልነው የካርድና የምክር ብቻ ነው። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መልእክት ጻፉልኝ። ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ከነካርቶኑ ያዙ፤ ቤት ውስጥ ወጥ የሚሠራው ሰው አብሮ ቢመጣ ደግሞ ይመረጣል። ጧት ወረፋ ስላለ ከሰዓት በኋላ ይሻላችኋል።