ለሳብ-ቤዝ መጀመሪያ የቱ ይገዛ? ሄድፎን፣ ሞኒተር ስፒከር ወይስ ሳብውፈር

ቤታቸው ቢት የሚሠሩ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ቤዙ ወደ ታች ጠልቆ እንዲወርድ ምን ልግዛ?» ሰሞኑን አንደኛው መልስ ሳይጠብቅ ያለ የሌለ ገንዘቡን አውጥቶ ሳብውፈር፣ ማለትም ዝቅተኛውን ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር ገዛ። የሚሠራው ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ግድግዳ ከሚጋራው ጎረቤት አጠገብ ነው። አሁን ዕቃው ተሸፍኖ ጥግ ተቀምጧል፤ ሲሸጠው ደግሞ የገዛበትን አያገኝም። ሌላ ሰው እንዲህ እንዳይከስር መልሴን እዚህ ልጻፈው።

ኦርጅናል የሆነ፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ጀርባው የተደፈነ (ዝግ) ሄድፎን ግዙ። ድምፁን ለመፍጠር ግን ሳንቲም አታውጡ።

ሳብ-ቤዝ የሚባለው ከ20 እስከ 60 ኸርዝ (በሰከንድ ንዝረት) አካባቢ ያለው ድምፅ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ድምፁ ወደ ታች ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ንጹሕ ሳይን ዌቭ፣ ማለትም ሌላ ድምፅ ያልተቀላቀለበት ነጠላ ሞገድ ብቻ ነው። ለዚህ 249 ዶላር አውጥቶ ሴረም 2 የሚባለውን ሲንተሳይዘር (ድምፅ የሚፈጥር ሶፍትዌር) መግዛት ምንም አያስፈልግም። ቫይታል የሚባለው ሌላ ሲንተሳይዘር ከፈረንጆቹ 2020 ጀምሮ መሠረታዊው ቅጂ በነጻ ይወርዳል። ሰርጅ ኤክስቲም ነጻ ነው። ኤፍኤል ስቱዲዮ የሚባለው የቢት መሥሪያ ሶፍትዌር ያለው ሰው ደግሞ 3ኤክስ ኦስክ አብሮት መጥቷል። ሴረም ግሩም ሲንተሳይዘር መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የሱን ሳይን ዌቭ ከቫይታል ሳይን ዌቭ ለይቶ የሚሰማ ጆሮ የለም።

«ክራኩን (ሳይከፈልበት በሕገወጥ መንገድ የተከፈተውን ቅጂ) አገኘዋለሁ» ለሚሉኝ የምላቸው አለ። አንቲቫይረስህን አጥፋ የሚል ፋይል አትክፈቱ። አንድ የማውቀው ልጅ እንዲህ አድርጎ የዓመታት ሥራው ተቆልፎበት፣ ለመክፈቻው ዶላር ተጠይቋል። ነጻው እያለ ይህን ሁሉ አደጋ ምን አመጣው?

ስለዚህ ገንዘቡ መውጣት ያለበት ለመስማት ነው። ያልሰማነውን ቤዝ ማስተካከል አንችልም። የብር ዋጋ ግን አልጽፍም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ ነገ አይሠራም። በዶላር ላስላ፤ እናንተ በዕለቱ ምንዛሪ አባዙት። ሱቅ የሚጨምረው ትርፍም ከላዩ አለ።

ሁሉም የሚመኘው ባለ 5 ኢንች ሞኒተር፣ ማለትም የስቱዲዮ ስፒከር ነው። ያማሃ ኤችኤስ5ን እንውሰድ። አንዱ ውጭ አገር 200 ዶላር አካባቢ ነው። ጥንድ ስለሚያስፈልግ 400። ሳውንድ ካርድ፣ ሁለት ደህና ገመድ፣ ማስቀመጫና ስታቢላይዘር ሲጨመር ከ500 በላይ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ወጥቶ አምራቹ ራሱ የሚሰጠው የታችኛው ወሰን 54 ኸርዝ ነው፤ እዚያ ሲደርስም ድምፁ በ10 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ወርዷል። የዘፈናችሁ ቤዝ ዝቅተኛው ኤፍ ኖታ ላይ ከሆነ 44 ኸርዝ ገደማ ነው። የምትፈልጉት ድምፅ ከስፒከሩ በቅጡ አይወጣም ማለት ነው። ለድምፃዊና ለክራር ደስ የሚል ስፒከር ነው፤ ለሳብ ግን አይሆንም።

«እንግዲያው ሳብውፈር ልጨምርበት» ይባላል። ያው ያማሃ ለዚህ መስመር የሠራው ኤችኤስ8ኤስ 400 ዶላርን በደንብ ያልፋል። ከሞኒተሮቹ ጥንድ ጋር ብቻ ሲደመር ወደ 900 ተጠጋን። ይህም ሆኖ ክፍሉ ያበላሸዋል። 43 ኸርዝ ያለው የድምፅ ሞገድ 8 ሜትር ይረዝማል። የክፍሉ ርዝመት 4 ሜትር ከሆነ ግማሹ ልክ ይገጥማል፤ ግድግዳው ጋ ድምፁ ያብጣል፣ መሀል ላይ ይጠፋል። ወንበራችሁ መሀል ከሆነ ያንን ኤፍ አትሰሙትም። ስላልሰማችሁት ትጨምሩታላችሁ። ከዚያ ዘፈኑ ታክሲ ውስጥ ሲከፈት በሩ ይንቀጠቀጣል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስስ ስፖንጅ እዚህ ድምፅ ላይ ምንም አያደርግም፤ ለእሱም ገንዘብ እንዳታወጡ።

ጥገናውን ደግሞ ሰው አስቀድሞ አያስብም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ብሎ ይመጣና የሞኒተሩን ፓወር ቦርድ ያቃጥላል። ፊውዝ ብቻ ከሆነ ተመስገን ነው። ቦርዱ ከሆነ መለዋወጫው ከውጭ ይጠበቃል፤ እስከዚያ በአንድ ጎን እየሰሙ መሥራት ነው። ከአሜሪካ በዘመድ የሚመጣውን በተለይ ጀርባውን አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እኛ 220 ላይ ስንሰካው ወዲያው ይቃጠላል። በዚያ ላይ የቤቱ ኤሌክትሪክ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚገባ ሽቦ) ከሌለው የማያቋርጥ እምምታ ሊሰማ ይችላል። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ዝቅተኛው ጂ ኖታ ደግሞ 49። እምምታው ሳቡ መሀል ይቀመጣል።

ሄድፎን ከዚህ ሁሉ ይገላግላል። ቮልቴጅ የለው፣ ክፍል አያስቸግረው፣ ጎረቤት አያንኳኳ። የኔ ምርጫ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ፣ ባለ 80 ኦሙ ነው (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው)። ከ150 እስከ 200 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛል፤ ማለትም ከኤችኤስ5 ጥንድ ግማሽ አይበልጥም። 30 ኸርዝን በግልጽ ያሰማል። ባለ 250 ኦሙን ተዉት፤ ላፕቶፕና ስልክ በደንብ አይገፉትም። ይህ ከበዛ ሶኒ ኤምዲአር-7506 በ100 ዶላር አካባቢ አለ። ሳቡ ያን ያህል አይወርድም እንጂ ታማኝ ነው።

ዲቲ 770 ሲጠገንም ደስ ይላል። የጆሮ ትራሱ ወልቆ ይቀየራል፣ መለዋወጫው ለብቻው ይሸጣል። ክፉ ጎኑ ገመዱ የማይነቀል መሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ጃኩ አጠገብ ነው። ሞባይል ጠጋኝ ጋ ወስዳችሁ ደህና ጃክ ብታስበይዱት ያው እንደ አዲስ ይሠራል።

ትልቁ ችግር ኮፒው ነው። ስም ያላቸው ብዙ የስቱዲዮ ሄድፎኖች ኮፒ አላቸው፤ ካርቶኑ እንኳ አይለይም። ሱቅ ውስጥ በዘፈን አትሞክሩት። ኮፒው ብዙ ጊዜ ከሳቡ በላይ ያለውን ቤዝ አሳብጦ ስለሚሠራ ለዘፈን ቤዙ የበዛ ይመስላል። ስልካችሁ ላይ የሳይን ድምፅ የሚያወጣ አፕ ጫኑ። ከ60 ጀምራችሁ ወደ 50፣ 40፣ 30 ውረዱ። ኦርጅናሉ እየቀነሰም ቢሆን ንጹሕ ሆኖ ይወርዳል። ኮፒው ወይ ይጠፋል፣ ወይ ይንተከተካል። ቴስተር ያለው ሰው ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ የጃኩን ጫፍና የታችኛውን ቀለበት ይለካ። 80 ኦም የተባለው 80 አካባቢ ማንበብ አለበት። 30 ምናምን ካነበበ ዕቃውን መልሱ። ሻጩ «አይለካም» ካለ እዚያ አትግዙ። እኔ ራሴ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ ከታወቀ ሱቅ አስገዝቼ ባስመጣ እመርጣለሁ፤ ሻንጣ ውስጥም ቦታ አይዝም።

ሄድፎን ደረት ላይ የሚመታውን ስሜት አይሰጥም፤ ይህን አምናለሁ። ዲቲ 770 ራሱ ቤዙን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ቮክሰንጎ ስፓን የሚባለውን፣ ድምፁን በግራፍ የሚያሳይ ነጻ ፕላግኢን (ተጨማሪ ሶፍትዌር) ክፈቱና ሳቡ ከኪኩ (ከወፍራሙ ከበሮ ምት) አንጻር የት እንዳለ በዓይናችሁም እዩ። ከዚያ መኪና ውስጥና ስልክ ላይ ሞክሩት። የስልክ ስፒከር 50 ኸርዝን አያወጣም፤ ትንሽ ሳቹሬሽን (ድምፁን በጥቂቱ የሚያሻክር ኢፌክት) ብትጨምሩ ግን 100 እና 150 ላይ ተከታይ ድምፆች ይፈጠራሉ፣ ጆሮ ቤዙን በነሱ ይከተለዋል። ሳቹሬሽኑም በየሶፍትዌሩ ውስጥ በነጻ አለ።

ሞኒተር የሚገዛበት ጊዜ ይመጣል፤ ገንዘብና ሰፋ ያለ ክፍል ሲገኝ። ያን ጊዜ ባለ 5 ኢንቹን ዝለሉና ባለ 8 ኢንች ፈልጉ። የኤችኤስ8 ወሰን 38 ኸርዝ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ግን ከሶኬቱ ንቀሉት፤ ተመልሶ እስኪረጋም አትሰኩት።