ለጠባሴው የሞተር መካኒክ ምስጋና፤ ለሞተረኞችም ጥቆማ

ደብረ ብርሃን ጠባሴ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብላ ያለችውን የሞተር ሳይክል ጋራዥ የማታውቁ ካላችሁ እወቋት። ባለቤቱ ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

እኔ የማሾ ነጋዴ ነኝ፤ ሸዋ ሮቢት እየወረድኩ እየወጣሁ ነው የምሠራው። ሞተሬ ታች ቆላው ላይ ደህና ትሄድና ጣርማበርን ስትወጣ ጉልበት ታጣለች፣ ጥቁር ጭስ ትለቃለች። አንድ ቦታ ወስጃት ሳይፈቱ ሳያዩ «ፒስተኑ አልቋል» ብለው የማልችለውን ዋጋ ጠሩብኝ። ጋሼ ግን መጀመሪያ ቤንዚኑን በእሳት የምታቀጣጥለውን ካንዴላዋን ፈትተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡልኝ። ጫፏ ጥላሸት ለብሷል። «ልጄ፣ ፒስተንህ ደህና ነው፤ አየር ነው ያጠራት» አሉኝ።

እንዳልገባኝ ሲያዩ ግድግዳው ላይ ያለውን ቴሌቪዥን ከፈቱና የጨው ሜዳ ላይ የፍጥነት ውድድር አሳዩኝ። አሜሪካ፣ ዩታ ግዛት ውስጥ ያለው ቦንቪል ነው። የሜዳው ከፍታ 1,280 ሜትር ገደማ ነው፤ የእኛዋ ሸዋ ሮቢትም እዚያው ከፍታ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2,800 ይጠጋል። ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፣ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ግን የሚሰጠውን ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ የተረፈው ጭስ ሆኖ ይወጣል። ቦንቪል ላይ ያሉት ሰዎች ከመንዳታቸው በፊት የአየሩን ሙቀትና ግፊት ለክተው ቤንዚኑን የሚያስተካክሉት ለዚሁ ነው። ጋሼም ቤንዚን የምታሳልፈውን የናስ ቁራጭ ቀዳዳዋ ጠበብ ባለች ለወጡልኝ፣ ፊልትሮውን አጸዱ። በጣም ከጠበበች ቆላ ላይ ሞተሩ ስለሚግል መካከለኛውን መርጠው «ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ካንዴላዋን ፈትተህ እያት፤ ከነጣች ተመለስ» አሉኝ። ቡናማ ሆና አገኘኋት። ሞተሬ አሁን ጣርማበርን ያለ ጭስ ትወጣለች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ማታ ከሥራ በኋላ እዚያው ነኝ። ውድድሩን ለማየት ትዕግሥት ይጠይቃል። እንደ ኳስ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት አይታይም፤ ነጭ ሜዳ፣ ከሩቅ አንዲት ነጥብ፣ ከኋላዋ የጨው ብናኝ፣ ከዚያ አለፈች። ጋሼ ግን ምን ማየት እንዳለብን ያሳዩናል። ጨው የአስፋልትን ያህል ጎማ ስለማይዝ፣ ነጂው ቤንዚን ቶሎ ከሰጠ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። በጣም ፈጣኖቹ መኪኖችም መጨረሻ ላይ በፍሬን ብቻ አይቆሙም፣ ፓራሹት ይለቃሉ። ለመኪና የዓለም ክብረ ወሰን በአንድ ሰዓት ውስጥ ደርሶ መልስ መንዳት ግድ ነው፤ የሚያዘው የሁለቱ አማካይ ነው፣ ንፋሱ ለማንም እንዳያደላ። አሜሪካዊው ጋሪ ጋቤሊች እ.ኤ.አ. በ1970 እዚያው ቦንቪል ላይ በሮኬት መኪና በሰዓት 1,000 ኪሎ ሜትርን ያለፈው በዚህ ሕግ ነው።

ጋሼ ስለ በርት መንሮ ሲያወሩ ግን እጃቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ያስቀምጣሉ። የኒውዚላንድ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. የ1920 ሥሪት የሆነች ኢንዲያን ሞተሩን ለአሥርት ዓመታት በገዛ እጁ አሻሻላት፤ ፒስተኑን ሳይቀር ራሱ ያቀልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967፣ በ68 ዓመቱ፣ ቦንቪል ላይ በሰዓት ወደ 296 ኪሎ ሜትር ነዳት። የተሰበሩበትን ዕቃዎች መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣቸው ነበር። ጋሼም የተቃጠሉ ፒስተኖች በሽቦ አንጠልጥለዋል፤ ለሚማሩት ልጆች እያንዳንዱ ለምን እንደተቃጠለ ያስረዱበታል። እኔ ሞተሬን የማምናቸው በዚህ ነው።

አንድ ቀን የአንኮበር አባት ለልጃቸው ሞተር መጥተው ቴሌቪዥኑን አዩና «አሞሌው ላይ ነው እንዴ የሚነዱት?» አሉ። ጥያቄያቸው ልክ ነው፤ ድሮ ከአፋር በግመል የሚመጣው ጨው እዚያው አንኮበር አጠገብ፣ አልዩ አምባ ገበያ ነበር የሚራገፈው። ጋሼም በአሜሪካ የብርድ ወራት ውሃ ሜዳው ላይ እንደሚተኛ፣ በሙቀቱ ወራት ሲደርቅ ጨዉ ተስተካክሎ እንደሚጠነክር አስረዷቸው። ውሃው ካልደረቀ ውድድር የለም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 ትልቁ የነሐሴ ውድድር የተሰረዘው ሜዳው ስላልተመቸ ነው። ጨዉም ከድሮው እየሳሳ መምጣቱ ጋሼን ያሳዝናቸዋል፤ እኔንም እንደዚያው።

ወደ ጥቆማዬ ልመለስ። ጋሼ ሳይፈቱ ዋጋ አይናገሩም፣ ከተናገሩ በኋላ አይጨምሩም። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ እጃችሁ ላይ ይሰጧችኋል። ሥራው ካደረ ይደውላሉ። በጠዋት ብርድ አልነሳም የምትል ሞተር ያለው ሰው ሳይገፋት በፊት ይጠይቃቸው። እሁድና በዓል ዝግ ነው። ቅዳሜ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ሞተር የሌለውም ይምጣ፤ በርጩማ አለ፣ ልጆቹ ቡና ያፈላሉ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።