ደብተር፣ ክላሰር ወይስ ታብሌት? ለሳይንስ ተማሪ የሚሆነው

አዲስ አበባ ውስጥ ቱሉ ዲምቱ ወይም ቂሊንጦ አካባቢ ቤት ተከራይቶ የሚማር የሳይንስ ተማሪ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ወደ ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሲገባ ዋጋ ብቻ አይቶ ባይመርጥ እመክራለሁ። ዛሬ በእጅ የተሠራ የካልኩለስ ጥያቄ፣ ነገ ፎቶ ኮፒ የተደረገ የኬሚስትሪ ሃንድአውት ይመጣል፤ ሁሉም በየርዕሱ ካልተሰበሰበ ለፈተና ሲፈለግ አይገኝም።

ደብተር ርካሽና ቀላል ቢሆንም፣ በሁለተኛው ሳምንት በተጻፈ ማስታወሻ መሃል በስድስተኛው ሳምንት የተሠራን ጥያቄ ማስገባት አይቻልም። ለላብራቶሪ ግን ይኸው ጠባዩ ጠቃሚ ነው፤ የተለካው ቁጥር በታሰረና ገጹ በተቆጠረ ደብተር ላይ ሲሰፍር ቅጠል አይጠፋም፣ ስሕተትም በአንድ መስመር ተሰርዞ እንደሚነበብ ይቆያል።

ለቀረው ሁሉ የእኔ ምርጫ ቀለበቱ ተከፍቶ ወረቀት በተፈለገው ቦታ የሚገባበት ክላሰር ነው፤ እሱም ባለ 4 ቀለበቱ። ባለ 2 ቀለበቱን ገዝቼ በፈተና ሰሞን የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ገጾቼ ከቀዳዳቸው እየተቀደዱ ሲወድቁብኝ አይቻለሁ። ባለ 4ቱን ወረቀት መብሳት ጊዜ ይፈጃል፤ ሆኖም ክብደቱ ስለሚከፋፈል ገጹ ይበረክታል። ከመግዛት በፊት ቀለበቶቹን ዘግቶ ወደ ብርሃን አቅንቶ ማየት ይገባል፤ ጫፎቹ ሳይገጥሙ የፀጉር ያህል ክፍተት ከቀረ፣ ገጽ በተገለበጠ ቁጥር ወረቀቱ እዚያ ይያዛል። በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝን ኤ4 ወረቀት አንዱ ቅጠል 5 ግራም ያህል ስለሚመዝን 200 ቅጠል 1 ኪሎ ይሆናል፤ ስለዚህ በተጨናነቀ አውቶቡስ ለሚመላለስ ሰው ክላሰሩን ቤት ትቶ የሳምንቱን ወረቀት ብቻ በስስ ፎልደር መያዝ ይሻላል።

ታብሌት የሚያስፈልገው ብዙ መጽሐፍ በፒዲኤፍ ለሚያነብ ነው። የኤ4 ገጽ ስፋት 21 ሴንቲ ሜትር፣ የተለመደ ስልክ ደግሞ 7 ገደማ በመሆኑ፣ ሙሉው ገጽ በስልክ ሲታይ ፊደሉ ወደ ሲሶ ወርዶ በሰልፈሪክ አሲድ ቀመር ግርጌ ያለችው 4 ቁጥር አትለይም። ባለ 10 ኢንች ታብሌት ወደ 13.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ለንባብ ይበቃል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ግን ለፈተና የሚጠናው ዋናው ማስታወሻ በወረቀት ይኑር፤ የፋይሎቹም ቅጂ በፍላሽና በጉግል ድራይቭ ነፃ 15 ጊጋባይት ላይ ይቀመጥ።