ማሊቡ ላይ ሰርፍ ለመማር ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ሎስ አንጀለስና አካባቢው ያላችሁ ሐበሾች፣ በተለይ ለእናንተ ነው የምጽፈው። ባለፈው ሰመር 180 ዶላር ዓይኔ እያየ ተበላሁ። የጉልበቴ ጠባሳ ደግሞ ምርቃት ነው።

ባሕር በሌለው አገር ያደግኩ ሰው ነኝ። ዋና የተማርኩት ሶደሬ ገንዳ ውስጥ ነው። ሰርፊንግ፣ ማለትም በቦርድ ላይ ቆሞ ማዕበል መጋለብ፣ ግን ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ያምረኝ ነበር። ስልኬ ይህንን ሰምቶ ነው መሰለኝ አንድ ቀን ማስታወቂያ አመጣልኝ። ማሊቡ፣ የሁለት ሰዓት የግል ትምህርት፣ ቦርድና ዌትሱት (ከብርድ የሚከላከል የውሃ ልብስ) ጭምር፣ በመጀመሪያው ቀን ቦርዱ ላይ ካልቆሙ ገንዘብዎ ይመለሳል ይላል። ፎቶው ላይ ረጅም፣ ልስልስ ያለ ማዕበል አለ፤ ከጀርባው የእንጨቱ ፒር፣ ማለትም ወደ ባሕሩ የሚዘልቀው ድልድይ መሰል መሄጃ። ሌላ ምን ልጠይቅ? በዜል፣ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ በሚላክበት በስልኩ አገልግሎት፣ ላኪ አሉኝ፣ ላክሁ።

ጠዋት በጊዜ ደረስኩ። "የግል" የተባለው ትምህርት ሰባት ተማሪና አንድ አስተማሪ ሆኖ ጠበቀኝ። የተሰጠኝ ዌትሱት ዚፑ ተበላሽቶ በጫማ ማሰሪያ ነው የሚታሰረው። አሸዋው ላይ በሆዳችን ተኝተን ሦስት ጊዜ ብድግ ብድግ አልን። ከዚያ "ግቡ!" አለን። ትምህርቱ በቃ ይኸው ነው።

ማሊቡ ለጀማሪ ለምን እንደማይሆን የገባኝ ውሃው ውስጥ ነው። ቦታው ፖይንት ብሬክ የሚሉት ዓይነት ነው። ማዕበሉ እንደ ሌላው የባሕር ዳርቻ እዚህም እዚያም አይሰበርም። ወደ ባሕሩ ገባ ያለውን የመሬት ጫፍ ይዞ እየታጠፈ፣ ከአንድ ቦታ ጀምሮ ወደ ቀኝ እየተሰበረ ይሄዳል። ታዲያ ሁሉም ሰው እዚያችው መነሻ ላይ ተኮልኩሎ ነው የሚጠብቀው። በዚህ ላይ ማሊቡን የሚያሳምረው ከደቡብ የሚመጣው የሰመር ማዕበል ስለሆነ፣ የእኔ ቢጤ ጀማሪ በሚጎርፍበት ወራት የአካባቢው ሰርፈርም እዚያው ነው። ወረፋው ደግሞ ሕግ አለው። ማዕበሉ ከሚሰበርበት ቦታ ይበልጥ የቀረበው ሰው ቅድሚያ አለው፤ ሌላው ከፊቱ አይገባም። ይህንን የነገረን የለም። አስተማሪዬ ከኋላ ቦርዴን ገፍቶ "ቁሚ!" ሲለኝ፣ ቀጥታ የሄድኩት አንድ ነጭ ጺም ያላቸው ሽማግሌ መንገድ ላይ ነው። ለጥቂት ተራረፍን። መጀመሪያ ጮሁብኝ። ቆይተው ቀዝፈው መጡና "ማነው እዚህ ያመጣሽ?" አሉኝ፤ አሁን ድምፃቸው የአባት ነበር።

ሁለተኛው ችግር ድንጋዩ ነው። የማሊቡ ወንዝ ስንት ዘመን እየተሸከመ ያመጣው ድብልብል ድንጋይ ከሥር ተነጥፏል። ማዕበሉን እንዲያ የሚያሳምረውም እሱ ነው። ውሃው ሲሸሽ ግን ወድቀሽ የምታርፊው እሱ ላይ ነው። ጉልበቴ እዚያ ቀረ። የቦርዱ ፊንም (ከሥሩ ያለው ክንፍ) ተሰበረ፤ ለእሱ 95 ዶላር ክፈይ ተባልኩ። ከተስማማነው 180 ሌላ ተጨማሪ ማለት ነው! እሱን እንኳን እምቢ ብያለሁ።

አስተማሪውን አልቆምኩምና ገንዘቤን መልስ ስለው ደግሞ ሁለት ሴኮንድ የተንበረከክሁትን "ቆመሻል እኮ" ብሎ ቆጠረው። በነጋታው ስልኬን ብሎክ አደረገ። ባንኬ ጋ ደወልኩ፤ ራስሽ ፈቅደሽ የላክሽው ነው፣ አንመልስም አሉ። ስለዚህ ለማታውቁት ሰው በዜል አትላኩ። በክሬዲት ካርድ የከፈለ ቢያንስ ተከራክሮ የማስመለስ ዕድል አለው።

አንድ ነገር ደግሞ ያኔ ልነቃ ይገባኝ ነበር። ገና አሸዋው ላይ ሳለን የካውንቲ መኪና ሲመጣ "ጓደኛሞች ነን በሉ" ብሎናል። በካውንቲው ባሕር ዳርቻ ለገንዘብ ማስተማር ፈቃድ ይጠይቃል። ከመክፈላችሁ በፊት ፈቃዱን አሳየኝ በሉት። ዝናብ በዘነበ ማግስትም ቀጠሮው አይቀየርም ካላችሁ ተዉት። ወንዙ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ እዚያው ነው የሚወጣው፤ የጤና ቢሮው ከዝናብ በኋላ ለሦስት ቀን ውሃው ውስጥ አትግቡ ይላል።

መማር የምትፈልጉ ሳንታ ሞኒካ፣ ቤይ ስትሪት ፊት ለፊት ሞክሩ። ከሥሩ አሸዋ ነው፣ ሰውም ይበተናል። እኔ በኋላ የቆምኩት እዚያ ነው፤ በእግሬ ማለቴ ነው። እዚያ አንድ የመታሰቢያ ጽሑፍ አለ። በዘር መድልዎ ዘመን ጥቁሮች የሚዋኙበት ዳርቻ ነበር። ኒክ ጋባልዶን የሚባል ጥቁር ወጣት ከዚያ ተነስቶ 12 ማይል ያህል በቦርዱ እየቀዘፈ ማሊቡ ድረስ ይሄድ እንደነበር ይተረካል። በ1951 እ.ኤ.አ. ማሊቡ ላይ ከፒሩ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። እሱ ጎበዝ ሰርፈር ነበር። እኔ ደግሞ ያንኑ ፒር ማስታወቂያ ላይ አይቼ "እንዴት ያምራል" ብዬ ነው ብር የላክሁት።

ማስታወቂያው ትናንት ደግሞ ስልኬ ላይ መጣ። ስሙን ቀይሯል። ፎቶው ያው ነው፣ ዋጋው 210 ገብቷል።