ሳሩን አይታችሁ ገደሉን ሳታዩ ቀብድ እንዳትልኩ፦ ለሰሜን ተራሮች ተጓዦች

ጎንደር ፒያሳ ላይም ሆነ በቴሌግራም «የሰሜን ተራሮች ጉዞ፣ ሁሉን ያካተተ፣ ዋልያና ቀይ ቀበሮ በዋስትና» የሚላችሁ ደላላ አይጠፋም። «በዋስትና» ሲል እዚያው ላይ ስልኩን ዝጉት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ላይ የቆየው እነዚሁ ሁለት እንስሳት በመመናመናቸውም ጭምር ነው። ታዲያ ማን ለማን ዋስ ይሆናል?

ጭላዳን ማየት ቀላል ነው። ገደል ላይ አድሮ፣ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣና ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ቡይት ራስና ሳንቃበር አካባቢ መንጋው አይጠፋም። ዋልያ ግን በአብዛኛው የሚታየው ራቅ ብሎ ጨነቅ አካባቢ ነው፤ ለግጦሽ የሚወጣውም በማለዳና ወደ ማታ ሲሆን ቀትር ላይ ገደሉ ውስጥ ይሰወራል። የአንድ ቀኑ ጥቅል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከጎንደር ጠዋት 2 ሰዓት ተነስታችሁ፣ ደባርቅ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ፣ ጽሕፈት ቤቱ ተመዝግባችሁ፣ ከዚያ በኮረኮንቹ ስትወጡ ቀትር ይሆናል። ጭላዳ ያሳዩዋችሁና «ዋልያው ዛሬ አልወጣም» ብለው ይመልሷችኋል። ዋልያ የፈለገ ሰው ፓርኩ ውስጥ ይደር፤ ጨነቅ ላይ ማለዳ 12 ሰዓት ይገኝ።

ቀይ ቀበሮ ብለው ተራ ቀበሮ የሚያሳዩም አሉ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ቀይ ቀበሮ እግሩ ረዘም፣ አፈሙዙ ቀጠን ያለ ነው፤ ጠጉሩ ቀላ ብሎ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ ነው፤ የጭራው ጫፍ ደግሞ ጥቁር። አይጥ የሚያድነው ብቻውን፣ በቀን፣ ከፍ ባለው ደጋ ሜዳ ላይ ነው። ጀርባው ግራጫ የሆነውን እያሳዩ «ያውላችሁ» ካሉ አትሸወዱ።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የመግቢያ፣ የመኪና፣ የድንኳን ቦታና የስካውት (አብሯችሁ የሚሄደው የፓርኩ አጃቢ ጠባቂ) ክፍያ የሚከፈለው ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሲሆን ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ጎንደር ላይ «ተከፍሏል» ማለት ያለ ደረሰኝ ባዶ ወሬ ነው። ታሪፉ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ስለሚለያይ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ሁሉንም በውጭ ዜጋ ዋጋ የሚያስከፍሉ አሉ። ደረሰኙ ላይ የሰውና የቀን ቁጥሩን ቆጥራችሁ ከውላችሁ ጋር አስተያዩት። ሌላው የሚደበቅ ወጪ በቅሎ ነው። ጉዞው ከተነሳችሁበት ሌላ ቦታ የሚያልቅ ከሆነ ለበቅሎውና ለነጂው የመመለሻ ቀን ይጠየቃል። «ሁሉን ያካተተ» ሲሉ ይህችን አይቆጥሯትም።

ከሁሉ የሚከፋው «ራስ ደጀን በ2 ቀን» የሚሉት ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር ጥቂት ከፍ ቢል ነው፤ ጨነቅ ከ3,600 ያልፋል፤ ራስ ደጀን ከ4,500 በላይ ነው። በእግር ከሆነ ከጨነቅ ተነስቶ የቧሂትን ጫንቃ መሻገር፣ ወደ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል መውረድ፣ እንደገና ወደ አምቢቆ መውጣት አለ፤ ጫፉ የሚሞከረው በማግስቱ ነው። መኪና መንገዱን ቢያሳጥርም ሰውነት ከፍታውን የሚለምደው በቀናት ነው። ራስ ምታቱ ሳይለቅ ማስመለስ ወይም መንገዳገድ ከተጨመረበት መድኃኒቱ ወዲያው መውረድ ነው። ስለዚህ «ሰው ቢታመም በምን ይወርዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌላቸው ተዉት።

ዕቃውን ደባርቅ ሳይሆን ጎንደር ሳላችሁ ፈትሹ። በበጋ ሌሊት ጨነቅ ላይ ውሃ ይረጋል፤ የሚያከራዩት ስሊፒንግ ባግ ግን ብዙ ጊዜ ለቆላ እንኳ የማይበቃ ስስ ነው። ዘርጉት፣ ዚፑን እስከ ላይ ዝጉት፣ እግሩ ጋ ጥጡ ወደ አንድ ጥግ ተሰብስቦ እንደሆነ በእጃችሁ ዳብሱት። ድንኳኑን ግቢ ውስጥ ትከሉት፤ ምሰሶው ሙሉ ካልሆነ ወይም የላይኛው የዝናብ ልብስ ከሌለው መልሱት። የሚነፋ ፍራሽ ከሆነ ነፍታችሁ አንድ ሰዓት ተኙበት።

ቀብዱ ከሲሶ አይብለጥ፤ የሚገባውም በንግድ ፈቃዱ ላይ ባለው ስም በተከፈተ ሒሳብ እንጂ በደላላው የግል ስልክ አይሁን። «መንገድ ተዘግቶ ደባርቅ ካልገባን ቀብዱ በ3 ቀን ይመለሳል» የሚለውን በጽሑፍ አስፍሩ። ቀሪውን ደባርቅ ላይ፣ ደረሰኙን በእጃችሁ ስትይዙ ክፈሉ።