ኤፍ9ፒ ከአንድ ክረምትና ከአንድ በጋ አገልግሎት በኋላ

ዜድኢዲ-ኤፍ9ፒ በሚባለው የዩ-ብሎክስ የሳተላይት ቦታ መለኪያ (ጂፒኤስ መሰል) ሞጁል የተሠሩ ሁለት ቦርዶች፣ አንዱ ቤዝ (አንድ ቦታ ቆሞ እርማት የሚልክ) ሌላው ሮቨር (እርማቱን እየተቀበለ የሚዞር) ሆነው፣ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላይ ለወሰን ልኬትና ለካርታ ሥራ ሲያገለግሉ ከርመዋል። እስከ ሴንቲሜትር ድረስ ይለካል በሚለው ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። ሰማዩ ክፍት፣ ቤዙም ቅርብ ከሆነ ፊክስ (ልኬቱ በሴንቲሜትር ደረጃ የጸናበት ሁኔታ) በሰከንዶች ውስጥ ይመጣል፤ የአግድም ስህተቱም አምራቹ እንደሚለው 1 ሴ.ሜ ሆኖ ከቤዙ በራቁ ቁጥር በየኪሎ ሜትሩ 1 ሚ.ሜ ይጨምራል። ዋናው ጥያቄ ፊክስ ሲጠፋ ምን ይደረጋል የሚለው ነው። ይህ ሪሲቨር ለምን እንደጠፋ ማወቂያ ቁጥሮች አሉት፤ ግን ካልጠየቁት አይናገርም።

አስቀድሞ ቤዙን ማስተካከል። ብዙ ሰው የሚመርጠው ሰርቬይ-ኢን የሚባለው አሠራር ለጥቂት ደቂቃ አማካይ ወስዶ ቦታውን ይገምታል። ግምቱ ከሜትር በላይ ሊስት ይችላል፣ ስህተቱም እንዳለ ወደ ሮቨሩ ይተላለፋል። ዛሬ የተለካ ወሰን ቤዙ ጠፍቶ ሲበራ ነገ ሌላ ቦታ ላይ የሚገኘው በዚህ ነው። የሚሻለው ጥሬ መረጃውን ለበርካታ ሰዓት መቅዳት፣ ራይኔክስ ወደሚባለው የጋራ ፋይል ዓይነት መቀየር፣ ለካናዳ መንግሥት ነጻ የፒፒፒ (ያለ ሌላ ቤዝ ትክክለኛ ቦታ የሚያሰላ) አገልግሎት መላክ፣ የመጣውንም ኮኦርዲኔት በፊክስድ ሞድ (የቤዙ ቦታ በእጅ በሚሰጥበት ቅንብር) ማስገባት ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ዋናው የኮኦርዲኔት መጻፊያ ሳጥን 7 አሃዝ የዲግሪ ክፍልፋይ ብቻ ይቀበላል፣ ይህም 1 ሴ.ሜ ገደማ ነው። ቀሪውን አጠገቡ ባለው የከፍተኛ ትክክለኛነት ሳጥን ካልሞሉት ሴንቲሜትሯ ትቀራለች። ከቤዙ ወደ ሮቨሩ የሚላኩት የአርቲሲኤም (የእርማት) መልእክቶች 1005፣ 1074፣ 1084፣ 1094፣ 1124 እና 1230 ናቸው። 1230 ከተረሳ ግሎናስ (የሩሲያ ሳተላይቶች) ፊክስ ውስጥ አይገባም። ሁሉንም ራም ላይ ብቻ ሳይሆን ፍላሽ ላይም ማስቀመጥ ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ መብራት ሲጠፋ ሥራው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

የቆዩ ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው ሌላ የኮኦርዲኔት መነሻ (ዳተም) ላይ ስለሆኑ ውጤቱን ሳይቀይሩ ቢደርቡት ከ200 ሜትር በላይ ይርቃል። ይህ የሪሲቨሩ ጥፋት አይደለም፣ ቢሆንም በየጊዜው በእሱ ይላከካል።

የረብሻ (ሲግናል የሚያውክ ሞገድ) መቆጣጠሪያው ሲገዛ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። በአምራቹ ሶፍትዌር በዩ-ሴንተር፣ አይቲኤፍኤም የሚባለውን የዚህን መቆጣጠሪያ ቅንብር ማብራትና የአንቴናውን ዓይነት "አክቲቭ" ማለት ያስፈልጋል። ከዚያ ሞን-አርኤፍ የሚባለው መልእክት ለእያንዳንዱ ባንድ ሁለት ጠቃሚ ቁጥር ይሰጣል። አንዱ ከ0 እስከ 255 የሚሄደው የጃሚንግ (ሲግናልን የማፈን) አመልካች ነው፤ የሚያየው ግን ጠባብና ቀጥ ያለ ሞገድን ብቻ ነው። ሰፊ ባንድ የሚሸፍን ጫጫታ ሲመጣ ይህ ቁጥር ዝቅ ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ የሚታመነው ሁለተኛው፣ ከ0 እስከ 8191 የሚሄደው ኤጂሲ (ሪሲቨሩ የሚገባውን ሲግናል የሚያጎላበት መጠን) ነው። ለብቻው ትርጉም ስለሌለው፣ አንቴናውንና ኬብሉን ሳይቀይሩ ጸጥ ያለ ገላጣ ቦታ ላይ መመዝገብና ያንን መነሻ ማድረግ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ንባቡ እንዲህ ነው። የሁሉም ሳተላይቶች ሲግናል በአንድ ጊዜ ወርዶ ኤጂሲም አብሮ ከወረደ፣ ውጭ ጫጫታ አለ። ሲግናሉ ወርዶ ኤጂሲ ከፍ ካለ ችግሩ ኬብሉ ወይም ማገናኛው ነው፤ ከአንቴናው ማጉያ የሚመጣው ኃይል ስለቀነሰ ሪሲቨሩ ጉልበቱን ይጨምራል። ክረምት ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው ይህ ሁለተኛው ነው፦ ውሃ በኤስኤምኤ ማገናኛው ይገባል። ተራ የኤሌክትሪክ ፕላስተር አያድነውም፣ እርስ በርሱ የሚጣበቅ የጎማ ቴፕ ያስፈልጋል።

ጫጫታው ሲኖር ጠላት ከመፈለግ በፊት የራስን ሳጥን መፈተሽ ይቀድማል። ርካሽ የቮልቴጅ መቀነሻ፣ የዩኤስቢ 3 ዲስክ፣ የመኪና ካሜራ፣ አንዳንድ የኤልኢዲ መብራት፣ ሁሉም እዚሁ ባንድ ላይ ይረጫሉ። ሞን-ስፓን የሚባለው መልእክት በ256 ነጥብ የሚስለውን ስፔክትረም ከፍቶ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ መንቀል ነው፤ የቆመችው ሹል መስመር ከየትኛው ጋር እንደምትጠፋ ይታያል። ብዙውን ጊዜ አንቴናውን አንድ ሜትር ማራቅ ይበቃል።

ለእኛ አገር ግን ሌላ ነገር አለ። ኢትዮጵያ የመሬት መግነጢሳዊ ወገብ ስር ናት። በመጋቢትና በመስከረም ዙሪያ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ፣ አዮኖስፌር (ሲግናሉ የሚያልፍበት በኤሌክትሪክ የተሞላ የላይኛው አየር) ይናወጥና በተለይ ሁለተኛው ፍሪኩዌንሲ (ኤል2) እየተቆራረጠ ፊክስ ወደ ፍሎት (ወዳልጸና ልኬት) ይወርዳል። ጃሚንግ ይመስላል፣ አይደለም፦ ኤጂሲ ንቅንቅ አይልም፣ የሚንቀጠቀጡትም በአንድ በኩል ያሉ ሳተላይቶች ናቸው። መድኃኒቱ ጠዋት መሥራትና ቤዙን ከ10 ኪ.ሜ አለማራቅ ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚነጥረው ሲግናል ደግሞ ከሁሉም ይከፋል፤ ስክሪኑ ላይ ፊክስ ተብሎ እየተጻፈ ልኬቱ ይሳሳታል። ነጥቡን ግማሽ ሰዓት ቆይቶ፣ ፊክሱን አጥፍቶ ዳግም ሳይለኩ ወሰን አለመትከል።

የሐሰተኛ ሲግናል ማስጠንቀቂያውን ብዙ ባይመኩበት ይሻላል። የሚነቃው ከእውነተኛው ወደ ሐሰተኛው ሽግግር ሲኖር ነው፤ ሪሲቨሩ ሐሰቱ መሃል ከተነሳ ሊያልፈው ይችላል። እስራኤል ያሉ አንባቢዎች በእንዲህ ያለ ሐሰተኛ ሲግናል ስልካቸው ቤይሩት አየር ማረፊያ ነህ ሲል የሰነበተበትን ጊዜ አይረሱትም።

የቀሩት ጥቃቅን ናቸው። ቦርዱ የሚስበው ኃይል ትንሽ ስለሆነ አንዳንድ ፓወር ባንክ ምንም ያልተሰካ መስሎት ራሱን ያጠፋል። ከአንቴናው ስር 15 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ክብ ብረት ማድረግ ከመሬት የሚነጥረውን ይቀንሳል፣ ዋጋውም ከምንም አይቆጠርም። ሥራው በዋናነት ባሕር ዛፍ ስር የሆነ ሰው ግን ይህን አይግዛ፤ እዚያ ቶታል ስቴሽን (ያለ ሳተላይት ርቀትና ማዕዘን የሚለካ መሣሪያ) ነው የሚያዋጣው። ኤል5 የሚባለውን ሌላ የሳተላይት ፍሪኩዌንሲ የሚፈልግም ሞጁሉን በስሙ ሳይሆን በሙሉ መለያ ኮዱ ያረጋግጥ፣ የተለመደው ዓይነት የሚቀበለው ኤል1ንና ኤል2ን ነው።